ባዶ፣ ድንጋይ፣ ባዶ

ወንድሜን ከድርን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ሐጂ ኑሪ ለቅሶ መጡ። ጎጃም በረንዳ እህል በጅምላ የሚሸጡ ሽማግሌ ናቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ ዱዓ አደረጉ፤ ተቀመጡ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አሁን የኔን ሚዛን ማን ሊያየው ነው?» አሉ።

ማንም አልሳቀም። ጥያቄው የምር ነበር። ከድር ቢሰማቸው ኖሮም አይቀየማቸውም፤ «ይዘውት መጥተዋል?» ነበር የሚላቸው።

ድንኳኑ ውስጥ ከተቀመጡት ሰዎች ግማሾቹ የእሱ ደንበኞች ነበሩ። ሁሉም አንገታቸውን ደፉ። ወደ እኔ ያየ ሰው አልነበረም። እኔ ግን አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር፤ ከከድር ጋር አምስት ዓመት ሚዛን ሠርቻለሁ፤ ከእሱ ሌላ ሱቁ ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ለምን እንዳላዩኝ አውቃለሁ። እሱን ለመናገር ግን ከራሱ ከከድር መጀመር አለብኝ።

ከድር በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ሲሞት ትንሽ ስለነበርኩ ያሳደገኝ እሱ ነው። «ወንድም ጋሼ» ነበር የምለው። ሥራው የተበላሸ ሚዛን መጠገን ነበር። መርካቶ አንዱ ተራ ውስጥ ያለው ሱቃችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው በሩ ላይ ይቀመጣል። ባለ ሁለት ሳህኑ ሚዛን፣ በሞላ የሚሠራው፣ ጆንያ የሚጫንበት ትልቁ፣ አሁን ደግሞ ቁጥር የሚያበራው የቻይናው ሁሉ እኛ ጋ ይመጣል።

ሠርቶ ሲጨርስ ለባለቤቱ ዝም ብሎ አያስረክብም። መጀመሪያ ባዶውን ያሳያል፤ ዜሮ። ቀጥሎ አንድ ኪሎ የሚመዝን የናስ ድንጋይ ያስቀምጥበታል። ድንጋይ የምንለው በልማድ ነው። ከዚያ ድንጋዩን ያነሣና እንደገና ባዶውን ያሳያል። «ባዶ፣ ድንጋይ፣ ባዶ» ይላል። ሚዛኑ ወደ ዜሮው ካልተመለሰ ሥራው አላለቀም ማለት ነው፤ ባለቤቱ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ ገበያ አመለጠኝ ቢል አይሰጠውም።

ድንጋዩ የሚኖረው በሕፃን ካልሲ ውስጥ ነው፤ ካልሲው ደግሞ በኮቱ ቀኝ ኪስ። ኮቱ ሁልጊዜ ወደ ቀኝ ያዘነብል ነበር። ሥጋ ቤት ሲገባ መጀመሪያ ካልሲውን ያወጣል። አንድ ጊዜ ሥጋ ሻጩ ሰላምታ ይቅደም እንጂ ቢለው፣ እየመዘንኩ ሰላም ልልህ ነው አለው። ሚስቱ ዘይነባ ከእሱ ጋር ሥጋ መግዛት ያቆመችው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።

አንዴ አንድ የበርበሬ ነጋዴ ሚዛኑን ይዞ መጣና በሩን ተጠግቶ፣ ኪሎው ላይ ትንሽ እንድታሳንስልኝ አለው። ከድር ብሎን ማጥበቁን ቀጠለ። ሰውዬው አፈረ መሰለኝ፣ «ለልጆቼ ብዬ ነው እንጂ ለራሴ አይደለም» አለ። ከድር ሚዛኑን ሳይነካው መለሰለት። ይህን የሚሠራ ሰው መርካቶ ውስጥ አይጠፋም፣ ሱቁን ግን አላሳይህም አለው። ሰውዬው ሲሄድ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ለራሴ ብዬ ነው የሚል አንድ ሰው ሳላይ ልሞት ነው» አለኝ።

በሽታው የጀመረው በብሎን ነው። ትንንሾቹ ብሎኖች ከጣቱ ይወድቁ ጀመር። ብሎኖቹን ወቀሰ። የቻይና ስለሆኑ ነው አለ። ከዚያ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ያለው ሥጋ ሟሸሸ። ከዚያ ምላሱ ከበደው፤ ውሃ ሲጠጣ ያንቀው ጀመር። ሆስፒታል ብዙ ከተመላለስን በኋላ ዶክተሯ ሞተር ኒውሮን የሚባል በሽታ ነው አለችን። ጡንቻን የሚያዝዙት ነርቮች እየሞቱ ይሄዳሉ፤ የእጁ፣ የመዋጫው፣ መጨረሻ ላይ የመተንፈሻው። መድኃኒት አይመልሰውም አለች። ከድር ለጎረቤቶቹ ሲያስረዳ፣ ሞተሩ ደህና ነው፣ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ገመድ ነው የሚቃጠለው ይላቸው ነበር። ከዚህ የተሻለ ማስረዳት እስካሁን አልሰማሁም።

ዶክተሯን ወደዳት። በቁጥር ስለምትመልስለት ነው።

ትንፋሹን የሚለካ ማሽን ነበራቸው። አፍንጫውን የልብስ መቆንጠጫ በመሰለ ነገር ይይዙና ቱቦ አፉ ውስጥ ያስገባሉ። አየር እስኪሞላ ይስባል፤ ከዚያ እስኪጨርስ ይነፋል። ማሽኑን የሚያሠራው ልጅ «ንፋ! ንፋ! ንፋ! አታቁም!» እያለ ይጮኻል፤ መርካቶ ዱባይ ተራ ጫማ የሚሸጥ ይመስላል። ከድር ከመንፋቱ በፊት ማሽኑን ማን ነው የሚያየው ብሎ ጠየቀ። ልጁ ክንድ የሚያክል ትልቅ የመርፌ ስሪንጅ የመሰለ ነገር አወጣ። ልኩ የታወቀ ሦስት ሊትር አየር ይይዛል፤ በየጠዋቱ እሱን ወደ ማሽኑ እየገፉ ይፈትሹታል። ከድር ሦስት ጊዜ አስደገመው። ለአንድ ወር መርካቶ ውስጥ ያልነገረው ሰው የለም፤ ድንጋያቸው አየር ነው እያለ።

ያን ቀን ትንፋሹ ጤነኛ ሰው ሊኖረው ከሚገባው ከመቶ ሰባ ስምንት ነበር። ዶክተሯ ተቀምጣ አስረዳችን። መዋጥ እያቃተው ስለሚሄድ ሆዱ ላይ በትንሽ ቀዳዳ ቱቦ ይገባል፤ ምግቡ በዚያ ይሰጣል። ግን ቱቦው የሚገባው መብላት ሲያቅተው አይደለም፤ ከዚያ በፊት ነው፤ ትንፋሹ ገና ጉልበት እያለው። ትንፋሹ ከግማሽ በታች ከወረደ ለማስገባት ማስተኛቱ ራሱ አደገኛ ነው አለች።

ከድር ሆዴ ላይ ቧንቧ ተተክሎ ተራው ውስጥ አልቀመጥም አለ። ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ ውል ያዙ። ያኔ ስልሳ አራት ኪሎ ነበር። አምስት ኪሎ ከቀነስኩ ቱቦውን እቀበላለሁ አላት። እሷም በየሳምንቱ በአንድ ሚዛን ተመዘን፣ ጻፍ፣ በየሦስት ወሩ እየመጣህ ንፋ አለችው።

ሚዛኑን ከሱቅ ያመጣሁት እኔ ነኝ። በየዓርቡ ጁምዓ ከመሄዳችን በፊት ይወጣበታል፤ ማጎንበስ ስለማይችል ቁጥሩን እኔ አነብለታለሁ፤ ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ስልሳ ሦስት። ስልሳ ሁለት ተኩል። ስልሳ አንድ። ስልሳ አንድ ያልኩት ዓርብ ቀኑን ሙሉ አልተናገረም። ዘይነባ ሳህኑ ላይ ጨመረችለት፤ እሱም ለመብላት ቸኮለና አነቀው፤ ፊቱ ጠቆረ። ጀርባውን እየመታች ከመለሰችው በኋላ ጓዳ ገብታ አለቀሰች።

በማግሥቱ ሚዛኑን ከፈትኩት።

ሐሳቤ ይህ ብቻ ነበር። ቁጥሩ ከቆመለት ይረጋጋል፤ ከተረጋጋ ቀስ ብሎ ይበላል፤ ከበላ እውነትም ይቆማል። ዜሮውን ሳልነካ፣ ሰው ሲወጣበት ብቻ እንዲያስበልጥ አደረግሁት። ይህን ማድረግ የሚችል ሰው በተራው ውስጥ ሁለት ነበር።

በሚቀጥለው ዓርብ «ባዶ» አለ። ብርሃን ላይ አድርጌ አሳየሁት፤ ዜሮ። «ድንጋይ» አለ። አንድ ኪሎ በዚህ ሚዛን አይታይም፣ ትልልቆቹ ድንጋዮች ሱቅ ናቸው አልኩት። ውሸት አልነበረም። ትንሽ አየኝና «እሺ» አለ። በሕይወቱ ያለ ድንጋይ የተቀበለው ሚዛን ያ ብቻ ነው።

ስልሳ አንድ አልኩት። በየሁለት ሳምንቱ እየከፈትኩ ትንሽ ትንሽ እጨምር ነበር። ስልሳ አንድ። ስልሳ አንድ ተኩል። እሱም ተደሰተ። የሦስት ወሩ ቀጠሮ ሲደርስ፣ ክብደቴ ቆሟል፣ ሰልፍ ላይ ምን አስቀመጠኝ ብሎ አልሄደም። ምግብ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል እየፈጀ፣ ውሃ እያነቀው፣ ጠዋት ራሴን ያመኛል እያለ፣ ያለ ሦስት ትራስ መተኛት አቅቶት፣ ስልሳ አንድ ነኝ ይል ነበር።

ስድስት ወር ሲሞላ ዘይነባ አስገድዳ ወሰደችው። ሦስታችን ሄድን። ንግግሩ ያኔ ከእኔና ከእሷ በቀር ለማንም አይለይም ነበር። ዶክተሯ ሚዛን ላይ አወጣችው። ሃምሳ ሁለት ተኩል። ደብተሩን አየች፤ ሚዛኑን አየች፤ እንደገና ደብተሩን አየች።

ከድር አንድ ነገር አለ። «ምን አለ?» አለችኝ።

«ሚዛናችሁ ይፈተሽ ይላል» አልኳት።

እኔ እንድወጣበት አዘዘ። ሱቅ ውስጥ ትልቁን ሚዛን ስንሠራ የምወጣበት እኔ ስለሆንኩ ክብደቴን ያውቃል፤ ሰባ ነኝ። ወጣሁ። ሰባ አለ። ከድር ቁጥሩን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ። ከዚያ ተናገረ።

«ሚዛኑ ትክክል ነው ይላል» አልኩ።

«እንግዲያው የቤታችሁ ነው የተሳሳተው» አለች ዶክተሯ።

እሱም እኔን እያየ መለሰላት። እሷ ትርጉሙን ጠበቀች። ዝም ማለት እችል ነበር፤ ሌላ ነገር ማለትም እችል ነበር።

«አልተሳሳተም፤ ሆን ተብሎ ተበላሽቶ ነው ይላል» አልኩ።

ኮሪደር ላይ ዘይነባ አንተ ነህ አለችኝ። ነኝ አልኩ። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ግድግዳውን እያየች፣ «እኔም ሱሪዎቹን ልብስ ሰፊ ጋ እየወሰድኩ አስጠብብለት ነበር» አለች። ለዚህ ነው ሱሪው ያልሰፋው።

ከዚያ ትንፋሹን ለኩት። የማሽኑን ቱቦ አፉ ውስጥ አድርገው «ንፋ! ንፋ!» አሉት። ከመቶ ሠላሳ ስምንት። ዶክተሯ ወንበሯን አዞረች። ከግማሽ በጣም ወርዷል፤ የሆዱን ቱቦ የሚያስገባው ሐኪም በዚህ ትንፋሽ ይቀበለዋል ብዬ አላስብም አለች። ከሦስት ወር በፊት ብትመጡ ኖሮ ብላ ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ ተወችው። እኔ ጨረስኩት፤ በሆዴ።

ከድር አሁንም ተናገረ። ልጁ እንደገና እንዲያስነፋውና እኔ ወደ አፉ ተጠግቼ እንዳዳምጥ ፈለገ። ተጠጋሁ። በከንፈሩ ግራ ጥግ «ፍስስ» የሚል ድምፅ ይሰማል። ከንፈሩ ስለደከመ ቱቦውን አይገጥምም።

«አየሩ ማሽኑ ጋ ሳይደርስ ይፈስሳል፤ የተቀደደ ጆንያ ነው የመዘናችሁት ይላል» አልኩ።

ዶክተሯ ጎንበስ ብላ የከንፈሩን ጥግ አየች። ከዚያ ልክ ነው፣ ጭንብል አምጣ አለችው ልጁን። አፍና አፍንጫ አብሮ የሚሸፍን ጭንብል መጣ። ልጁ በአንድ በኩል ያዘው፤ በሌላው በኩል ደግሞ የሚጫን ሰው ያስፈልጋል። ዘይነባ ተነሣች። ከድር ግን በዓይኑ ወደ እኔ አመለከተ።

መዳፌን ጉንጩ ላይ አድርጌ ጭንብሉን ተጫንኩት። አጥንቱ ይሰማኝ ነበር። ሦስት ጊዜ ነፋ። አርባ ዘጠኝ። ሃምሳ አንድ። ሦስተኛው ላይ ዓይኑ ደም ለበሰ፤ ሃምሳ አራት።

ዶክተሯ ስልክ አነሣች። ቱቦው በዚህ ሳምንት ይገባል፤ አንድ ወር ቢዘገይ ግን እኔም እምቢ እል ነበር አለች።

ቤት እንደገባን ሚዛኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥ አለኝ። ወንበሩን አስጠጋሁለት። ፊቱ ከፈትኩት። የነካሁትን ቦታ አይቶታል፤ ግን ሳያሳየኝ እኔው እስካስተካክለው ጠበቀ። መለስኩት። ሱቅ ሮጬ ሁለቱን ሃያ ሃያ ኪሎ ድንጋይ አመጣሁ። ባዶ። ድንጋይ። ባዶ። ከዚያ ደግፈነው ወጣ። ሃምሳ ሁለት ተኩል። «ጻፍ» አለኝ። የድሮዎቹን ቁጥሮች ልሰርዛቸው ስል ተዋቸው አለ።

ይቅር በለኝ ወንድም ጋሼ አልኩት። ለአንተ ብዬ ነው አልኩት።

ከበርበሬ ነጋዴው በኋላ ዓመታት አልፈዋል። ከድር ግን አልረሳውም። ምላሱ እየተጎተተ፣ እያረፈ፣ «አንድ እንኳ ለራሴ ብዬ የሚል ጠፋ» አለኝ።  በዚያ ጉዳይ ለእኔ የተናገረው ይኸው ብቻ ነው።

ለእኔ ነው ያልኩት። ለሌላው ሰውማ ሁሉ ነገረ። ቱቦው ገብቶ ከተሻለው በኋላ ሊጠይቁት ለሚመጡት ነጋዴዎች ሁሉ ታሪኩን ያወራ ነበር፤ አስተርጓሚው ደግሞ እኔ ነኝ። ወንድሜ አምስት ወር በሐሰት ሚዛን መዘነኝ ይላል፤ እኔም ወንድሜ አምስት ወር በሐሰት ሚዛን መዘነኝ ይላል እላለሁ። ሰዎቹ እሱን አይተው ይስቃሉ፤ እኔን አይተው ያቆማሉ። ለቅሶው ላይ ለምን አንገታቸውን እንደደፉ አሁን ግልጽ ይመስለኛል።

ቱቦው ከፈራው ያነሰ ነገር ነበር። ከሸሚዝ ሥር አይታይም። መጀመሪያ ውሃ፣ ከዚያ ዘይነባ ፈጭታ ያቀጠነችው ምግብ፣ መጨረሻ ላይ እንደገና ውሃ፤ ሁሉም በትልቅ ስሪንጅ፣ ቀስ ተብሎ፣ እሱ ቀና ብሎ እንደተቀመጠ። መጨረሻ ያለው ውሃ ከተረሳ ቱቦው ይደፈናል። ሆስፒታል ውስጥ ሲያሳዩን ከድር ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ከፍ አደረገ። ባዶ፣ ድንጋይ፣ ባዶ ማለቱ ነው። አንድም ቀን አልረሳሁም።

ሐጂ ኑሪ አንድ ቀን ሲበላ ደረሱና ጣዕሙ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት። ሆዴን ይጠይቁት፣ እኔ አልቀመስኩትም አላቸው። ከጠፋው ክብደቱ ሦስት ኪሎ መለሰ። ሱቅ በሩ ላይ እየተቀመጠ ሚዛን ስሠራ ያየኝ ነበር፤ ሸሚዙን ገልጦ ቧንቧውን የሚያሳየውም እሱ ራሱ ነበር፤ ማንም ሳይጠይቀው።

ትንፋሹ ግን መውረዱን አላቆመም። አርባ ሰባት። አርባ አንድ። አንድ ጊዜ ዶክተሯ አዝናለት ነው መሰለኝ፣ ያው ነው ማለት ይቻላል አለችው። ያው ነው ወይስ ማለት ይቻላል ብሎ ጠየቃት። ሠላሳ ነው አለችው። አመሰገናት።

ለመጨረሻ ጊዜ በለኩት ቀን መናገር አቁሞ ነበር፤ በቅንድቡ ብቻ ነበር የምንግባባው። ዶክተሯ እኔን ውጭ ጠርታ ቁጥሩን ነገረችኝ። አሥራ ዘጠኝ። ልንገረው ወይስ አንተ ትነግረዋለህ ወይስ ይለፈው አለች። እኔ እነግረዋለሁ አልኩ። ገባሁ። ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ሆኖ በሩን እያየ ጠበቀኝ። ቁጥሩን ለመናገር ፊቱ ቆሜ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ሃያ አምስት ማለት ቀላል ነበር፤ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የምዋሸውም ለራሴ ብዬ ነበር፤ ፊቱን ሳየው ይህን አወቅሁ።

«አሥራ ዘጠኝ» አልኩት።

ቅንድቡን ሁለት ጊዜ ከፍ አደረገ። ጻፍ ማለቱ ነበር። ደብተሩን አወጣሁና ፊቱ ጻፍኩ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ረፋድ ላይ ሞተ። የመጀመሪያውን ውሃ ሰጥቼው ምግቡን ስሪንጁ ውስጥ እየሞላሁ ነበር። ቀና ስል ትንፋሹ ቆሟል።

ለቅሶው ላይ ሐጂ ኑሪ ያን ጥያቄ ሲጠይቁ ዘይነባ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ካልሲውን ይዛ ነበር። ድንጋዩ ውስጡ አለ። ለእኔ የምትሰጠኝ መስሎኝ እጄን አዘጋጀሁ። በፊቴ አልፋ ለሐጂ ኑሪ ሰጠቻቸው። ከድር ገና መናገር ሳያቆም የነገራትን ነገረቻቸው፤ «ሱቁን ወንድሜ ሙሰማ ይሥራ። ድንጋዩ ግን ሐጂ ጋ ይቀመጥ ብሏል።»

ሐጂ ኑሪ ካልሲውን በመዳፋቸው መዘኑት። ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። እኔ እጄን መለስኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ከሞቱ ይልቅ እሱ ነው ያስለቀሰኝ።

በስምንተኛው ቀን ሱቁን ከፈትኩ። እስከ ቀትር ማንም አልመጣም። ከቀትር በኋላ ሐጂ ኑሪ ሚዛናቸውን በጋሪ አስጭነው መጡ። ኮታቸው በቀኝ በኩል አዘንብሏል። ሚዛኑ በኪሎ አርባ ግራም ያስበልጥ ነበር። ሞላው እየደከመ እንደሆነ ከድር ነግሯቸው ነበር አሉ። ከፈትኩት፤ አጸዳሁት፤ ሞላውን ቀየርኩ። እሳቸው በሩ ላይ፣ ከድር ይቀመጥበት በነበረው ወንበር ተቀምጠው ጠበቁኝ።

ስጨርስ ባዶውን አሳየኋቸው። ዜሮ። ካልሲውን አወጡ፤ ድንጋዩን ራሳቸው አስቀመጡ። አንድ ኪሎ። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት። ከዚያ ድንጋዩን አነሡ። ሁለታችንም የሚዛኑ መርፌ ላይ አፈጠጥን። ትንሽ ተንቀጠቀጠና ዜሮው ላይ ቆመ።

ሐጂ ኑሪ ድንጋዩን ወደ ካልሲው መለሱት። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ።

«ነገ የወንድሜ ልጅ ሚዛኑን ያመጣል» አሉኝ። «እኔም አብሬው እመጣለሁ።»